ዘላይ ጂኖች ጎጂ ከሆኑ ለምን አልጠፉም? ጠቃሚ ከሆኑስ ለምን «ቆሻሻ» ተባሉ?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ስለ ዲኤንኤ ሳስተምር አንድ ተማሪ ‹ከሰው ጂኖም ግማሽ ያህሉ ዘላይ ጂን ነው፤ ስምንት በመቶው ደግሞ ቫይረስ ነው፤ እንግዴ ልጅንም ያገኘነው ከቫይረስ ነው› የሚል ቪዲዮ አይቶ መጣ። ሌላው ‹ቆሻሻ ዲኤንኤ የሚባል ነገር እንደሌለ ተረጋግጧል፤ ሁሉም ሥራ አለው› ብሎ ተከራከረው። እኔን ግራ ያጋባኝ ግን ሌላ ነው፦ እነዚህ ነገሮች ጎጂ ከሆኑ አጥቢ እንስሳት በዚህ ሁሉ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ለምን አላስወገዷቸውም? ጠቃሚ ከሆኑስ ለምን ቆሻሻ ተባሉ? ለክፍሉ ምን ብዬ ልመልስ?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎ ለእነዚህ የዲኤንኤ ክፍሎች ሁለት ማደሪያ ብቻ አዘጋጅቷል፤ «ጎጂ» እና «ጠቃሚ»። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። አንድ የዲኤንኤ ክፍል በጂኖም ውስጥ ለመቆየትና ለመብዛት ባለቤቱን መጥቀም የለበትም፤ ራሱን ማባዛት ከቻለና ባለቤቱን ቶሎ ካልገደለ ይበቃዋል። «ይህን ጽሑፍ አባዝተህ ለሰባት ሰው ካላደረስህ መዓት ይወርድብሃል» የሚለውን፣ ቀድሞ በፎቶ ኮፒ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም የሚዞረውን ወረቀት ያስታውሱ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው አንባቢውን ስለጠቀመ አይደለም፤ «አባዛኝ» የሚል ትእዛዝ ስለያዘ ብቻ ነው። ሳይንቲስቶቹ ዱሊትልና ሳፒየንዛ በአንድ ወገን፣ ኦርጌልና ክሪክ በሌላ ወገን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በኔቸር መጽሔት አንድ እትም ላይ ባወጧቸው ሁለት ጽሑፎች የተከራከሩት በመሠረቱ ለዚህ ሐሳብ ነበር፤ «ራስ ወዳድ ዲኤንኤ» የሚለው አጠራርም የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በኋላ የተሰበሰበው መረጃ ሐሳቡን አላፈረሰውም፤ አጠራው እንጂ።

ከስሙ እንነሳ፤ ስሙ ራሱ ያሳስታልና። «ዘላይ» የሚለው ቃል የመጣው ባርባራ ማክሊንቶክ በ1940ዎቹ በበቆሎ ላይ ካገኘቻቸው፣ ከአንድ ቦታ ተነቅለው ሌላ ቦታ ከሚተከሉ ክፍሎች ነው፤ ለዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ1983 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። በሰው ጂኖም ውስጥ ግን እንዲህ የሚነቀሉት ዓይነቶች፣ ማለትም የዲኤንኤ ትራንስፖዞኖች፣ ከጠቅላላው ሦስት በመቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ በእኛ ዘር ሐረግ ውስጥ መንቀሳቀስ ካቆሙም ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የቀሩት አይዘሉም፤ ይቀዳሉ። ዋናው ቅጂ ባለበት ይቀመጣል፣ የአርኤንኤ ግልባጩ ወጥቶ እንደገና ወደ ዲኤንኤ ይቀየርና ሌላ ቦታ ይሰካል። ስለዚህ ሬትሮትራንስፖዞን ይባላሉ። አብዛኞቹን «ጂን» ማለትም ልክ አይደለም፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ምንም ፕሮቲን ማሠራት የማይችል ስብርባሪ ነውና።

ቁጥሮቹ እነሆ። የሰው ጂኖም ከ3 ቢሊዮን በላይ ጥንድ ቤዞች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያው ረቂቅ ሲታተም ከዚህ ውስጥ 45 በመቶ ያህሉ ከተንቀሳቃሽ ክፍሎች የመነጨ መሆኑ ታየ፤ ለፕሮቲን መመሪያ የሆነው ክፍል ግን ከሁለት በመቶ በታች ነው። ላይን-1 የሚባለው ቤተሰብ በግማሽ ሚሊዮን ገደማ ቅጂዎቹ 17 በመቶውን ይዟል። አሉ የሚባለው አጭር ቤተሰብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂዎች አሉት፤ ድርሻውም ከአሥር በመቶ በላይ ነው። (የስሙ መነሻ አርትሮባክተር ሉቴየስ ከተባለ ባክቴሪያ የተገኘ ኢንዛይም ነው፤ በአማርኛ ጆሮ ወሬ ቢመስልም ከ«አሉ ተባለ» ጋር ዝምድና የለውም።) ተማሪዎ የጠቀሰው ስምንት በመቶ ደግሞ የጥንት ሬትሮቫይረሶች (የራሳቸውን ቅጂ በባለቤቱ ዲኤንኤ ውስጥ የሚሰኩ ቫይረሶች) ቅሪትና የቅርብ ዘመዶቻቸው ናቸው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ «ቫይረስ ነው» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ከእነዚህ ቅሪቶች አብዛኞቹ የቫይረሱን ጂኖች በሙሉ አጥተው በጫፍና በጫፍ ከነበሩት ተመሳሳይ ድግግሞሾች አንዱ ብቻ ቀርቷቸዋል። በሰው ጂኖም ውስጥ ካሉት መካከል ተላላፊ ቫይረስ ሊያወጣ የሚችል አንድም አይታወቅም። የፈረሰ ቤት መሠረት ቤት አይባልም።

ይህ በሰው ላይ የሚሠራ እንጂ ለአጥቢ እንስሳት ሁሉ የሚሆን ደንብ እንዳልሆነ ይያዙልኝ። በአውስትራሊያ ኮዋላዎች ላይ አንድ ሬትሮቫይረስ ዛሬ፣ በዓይናችን ሥር፣ ከተላላፊ በሽታነት ወደ ተወራሽ ዲኤንኤነት እየተሸጋገረ ነው፤ በሰሜን ያሉት ኮዋላዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከወላጆቻቸው ሲወርሱት በደቡብ ግን ሥርጭቱ ገና ያልተሟላ ነው። ማዮቲስ በሚባሉት የሌሊት ወፎች ደግሞ በእኛ ውስጥ የሞቱት የዲኤንኤ ትራንስፖዞኖች በቅርብ ዘመን ሲንቀሳቀሱ የነበሩ ናቸው። በአንዳንድ የደቡብ አሜሪካ አይጦችና በትላልቆቹ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች በተቃራኒው ላይን-1 ራሱ መባዛቱን አቁሟል። እነዚህ እንስሳት ያለ እርሱ እየኖሩ ነው፤ «ለአጥቢ እንስሳ የግድ አስፈላጊ ነው» ለሚል ሰው ይህ አንድ ነገር ይነግረዋል።

አሁን ላይን-1 እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልዘርዝር፤ «ለምን አልጠፉም» የሚለው መልስ ግማሹ ያለው በአሠራሩ ውስጥ ነውና። ሙሉው ቅጂ 6,000 ያህል ፊደላት (ቤዞች) አሉት። ሁለት ፕሮቲኖች ያሠራል፤ አንዱ አርኤንኤውን ይይዛል፣ ሁለተኛው ዲኤንኤ ይቆርጣል፣ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤም ይቀዳል። ፕሮቲኖቹ ከተሠሩ በኋላ የሚይዙት በአብዛኛው ያንኑ ያሠራቸውን አርኤንኤ ነው። ከዚያ ወደ ኒውክለስ ገብተው የክሮሞዞሙን አንድ ክር ይቆርጡና የተቆረጠውን ጫፍ መነሻ አድርገው መቅዳት ይጀምራሉ። ቅጂው የሚጀምረው ከጅራቱ በኩል ነው፤ ብዙ ጊዜም ራስጌው ጋ ሳይደርስ ይቋረጣል። ራስጌው ከሌለ ደግሞ መቀዳትን የሚያስጀምረው ማስነሻ የለም፤ ማስነሻ የሌለው ቅጂ እንደገና አይባዛም። ግማሽ ሚሊዮኑ ሲቆጠር በአንድ ሰው ውስጥ ዛሬም መባዛት የሚችሉት ከ80 እስከ 100 ብቻ የሚሆኑት በዚህና በየዘመኑ በተጠራቀመው ሚውቴሽን ምክንያት ነው፤ ከእነዚህም ቢሆን አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው።

አሉ ደግሞ የጥገኛ ጥገኛ ነው። ርዝመቱ 300 ፊደል ገደማ ሲሆን አንድም ፕሮቲን አያሠራም። የመነጨው ሰባት-ኤስ-ኤል ከሚባል አርኤንኤ ነው፤ ይህ አርኤንኤ በህዋሳችን ውስጥ አዲስ የሚሠሩ ፕሮቲኖችን ወደ መድረሻቸው ከሚመራ መሣሪያ አካል ሲሆን ሥራውም ፕሮቲን በሚሠራበት ራይቦዞም ላይ መቀመጥ ነው። አሉም ያንን ቅርጽ ስለወረሰ የላይን-1 ፕሮቲን ገና ከራይቦዞሙ ሲወጣ አጠገቡ ተገኝቶ ይነጥቀዋል ተብሎ ይታሰባል። በዚህ ዘዴ ከባለ መሣሪያው ሁለት እጥፍ በላይ ተባዝቷል። ዛሬም በሰው ላይ አዲስ የአሉ ቅጂ ከ20 እስከ 40 በሚሆኑ ልደቶች አንድ ጊዜ እንደሚከሰት ይገመታል።

እንግዲህ ለምን አልጠፉም? መጀመሪያ፣ የተሰካን ሬትሮትራንስፖዞን አንድም ፊደል ሳያጓድል ነቅሎ የሚያወጣ ኢንዛይም የለንም። በአጋጣሚ ከአካባቢው ጋር ተቆርጦ ሊወድቅ ይችላል፤ እየመረጠ የሚያጸዳ አሠራር ግን የለም። ሁለተኛ፣ የአብዛኞቹ ቅጂዎች ጉዳት እጅግ ትንሽ ነው። ከ3 ቢሊዮን ፊደላት መካከል 300 መጨመሩ፣ ያውም ማንም በማይጠቀምበት ሰፊ ሜዳ ላይ፣ አንድ እንስሳ በሚወልዳቸው ልጆች ቁጥር ላይ የሚያመጣው ለውጥ አይታይም። የተፈጥሮ ምርጫ እንዲህ ያለውን ትንሽ ጉዳት ሊያይ የሚችለው ሕዝቡ እጅግ ብዙ ሲሆን ነው። እንደ እርሾ ባሉ ቁጥራቸው ስፍር በሌላቸው ረቂቅ ሕያዋን ዘንድ ምርጫው ስል ነው። በጥንት ታሪኩ ለመራባት አስተዋጽኦ ያደረገው ሕዝብ መጠን አሥር ሺህ ገደማ ሆኖ በሚሰላው የሰው ዘር ግን ትንሽ ጉዳት ያለውም የሌለውም በዕጣ ይቀራል፣ በዕጣ ይጠፋል። «በዚህ ሁሉ ሚሊዮን ዓመት» ያሉት እንግዲህ ለማጽዳት ብቻ የተሰጠ ጊዜ አይደለም፤ ለመጠራቀምም ያው ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት አጥቢ እንስሳት ያዳበሩት መከላከያ ማስወገድን ሳይሆን ዝም ማሰኘትን የመረጠ መሆኑ ነው። በዲኤንኤው ላይ መቀዳትን የሚከለክል የሜቲል ኬሚካላዊ ምልክት ይለጠፋል። በዘር ህዋሳት ውስጥ ፒዊ የሚባሉ ፕሮቲኖች ትናንሽ አርኤንኤዎችን ይዘው የትራንስፖዞኑን ግልባጭ እያሳደዱ ይቆርጣሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ክራብ ዚንክ ፊንገር የሚባሉ ፕሮቲኖች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ የተለየ ቤተሰብ ለይተው ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሥራ በፕሪሜቶች (ሰውና ጦጣዎች ባሉበት ወገን) ዘንድ የዚህን ማሳደድ አንድ ምዕራፍ በግልጽ አሳይቷል፤ ዜድ-ኤን-ኤፍ-93 የተባለው ፕሮቲን ላይን-1ን የሚይዝበትን ቦታ ለየ፣ በኋላ የመጣው የላይን-1 ትውልድ ያንን ቦታ ከራሱ ላይ ጥሎ አመለጠ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የመከላከያው ብርታት ትራንስፖዞኖቹ ጉዳት እንዳላቸው ማስረጃ ነው፤ «ሰውነት ጠብቆ ያቆያቸው ስለሚፈልጋቸው ነው» የሚለው ክርክር ታስሮ የተቀመጠን ሰው እንግዳ እንደማለት ነው።

ጉዳቱ በታካሚ ላይ በቀጥታ የታየው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የሄግ ካዛዚያን ቡድን 240 የሄሞፊሊያ ኤ ታማሚዎችን መርምሮ በሁለቱ ላይ አዲስ የላይን-1 ቅጂ ለደም መርጋት የሚያስፈልገውን ጂን ሰብሮ መግባቱን አገኘ። ወላጆቻቸው ይህ ቅጂ አልነበራቸውም፤ ቅጂው የተሰካው አዲስ ነው። በጃፓን የሚታወቀው የፉኩያማ የጡንቻ መዳከም በሽታም በአብዛኛው የሚመጣው ከአንድ የጥንት ስኪት (ጂን ውስጥ ከተሰካ ቅጂ) ነው። አሉ የሚጎዳው ሲሰካ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ተመሳሳይ ቅጂዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ክሮሞዞሙ ሲጠገን እርስ በርስ ይሳሳታሉና በመካከላቸው ያለው ይቆረጣል። በጡት ካንሰር ጂን ብራካ-1 እና በኮሌስትሮል ተቀባዩ ጂን ላይ እንዲህ ያለው ጉድለት ደጋግሞ ታይቷል። እንዲያም ሆኖ በሰው ላይ በሽታ ከሚያመጡ ሚውቴሽኖች መካከል የአዲስ ስኪት ድርሻ ከሺህ አንድ እስከ ሦስት ገደማ ነው። በቤተ ሙከራ አይጦች ግን ከመቶ አሥር ገደማ ይደርሳል፤ የእነርሱ ተወራሽ ሬትሮቫይረሶች ገና ሕያው ናቸውና። ከአይጥ ጥናት በቀጥታ ወደ ሰው የሚዘል ቪዲዮ ሲያዩ ይህን ልዩነት ያስቡ።

ጥቅሙን በተመለከተ ተማሪዎ ያነሳው የእንግዴ ልጅ ታሪክ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው፤ አነጋገሩ ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። በሰው እንግዴ ልጅ ውስጥ ከእናት ደም ጋር የሚዋሰነው ንጣፍ የተሠራው ብዙ ህዋሳት በመካከላቸው ያለውን ሽፋን አፍርሰው አንድ ወጥ አካል በመሆን ነው። ይህን ከሚያዋህዱት ፕሮቲኖች ዋናው ሲንሲቲን-1 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000 እንደታወቀው ይህ ፕሮቲን የአንድ ጥንታዊ ሬትሮቫይረስ የሽፋን ፕሮቲን ነበር፤ ቫይረሱ ከህዋስ ጋር ተዋሕዶ ለመግባት ይጠቀምበት የነበረው መሣሪያ እነሆ ህዋስን ከህዋስ ለማዋሐድ ዋለ። ነገር ግን ያ ቫይረስ ወደ ቅድመ አያቶቻችን የገባው ከ25 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሲሆን፣ እንግዴ ልጅ ያላቸው አጥቢዎች የጋራ አያት ግን ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው። እንግዲህ እንግዴ ልጅ ቀድሞ ነበረ። አይጥ ለዚሁ ሥራ ሲንሲቲን-ኤ እና ሲንሲቲን-ቢ አሏት፤ እነርሱ ግን ከሌላ ቫይረስ የመጡ ናቸው። ጥንቸል የራሷ አላት፣ ውሻና ድመት ያሉበት ሥጋ በል ወገን የራሱ፣ ላምና በግ ያሉበት አመንዣኪ ወገንም የራሱ አለው። ሁሉም ለየብቻ፣ በተለያየ ዘመን፣ ከተለያየ ቫይረስ። ሲንሲቲን-ኤ የጠፋባቸው የአይጥ ጽንሶች በእርግዝናው አጋማሽ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ጥቅሙ ጥርጥር የለውም። ነገሩ ቤቱ ቆሞ ሳለ ምሰሶውን ደጋግሞ እንደመቀየር ነው፤ አዲሱ ምሰሶ ዛሬ ቢነቀል ቤቱ ይወድቃል፣ ቤቱን የሠራው ግን እርሱ አይደለም።

ከዚህ የበለጠ የቆየ ምሳሌ ከፈለጉ ፔግ-10 የሚባለው ጂን አለ። በእኛና እንደ ካንጋሮ ባሉ ከረጢት አጥቢዎች ጂኖም ውስጥ ይገኛል፣ እንቁላል በሚጥለው ፕላቲፐስ ግን የለም፤ እርሱን ያጡ የአይጥ ጽንሶች እንግዴ ልጃቸው ሳይዳብር ይሞታሉ። ምንጩ ሬትሮትራንስፖዞን ነው። የፀረ እንግዳ አካላትን ዓይነት የሚያበዛው የራግ ኢንዛይምም የዲኤንኤ ትራንስፖዞን ዘር ነው፤ ይህ ግን መንጋጋ ካላቸው ዓሦች ዘመን የመጣ በመሆኑ ለአጥቢ እንስሳት ታሪክ ምሳሌ አድርገው አይጥቀሱት። በብዛት ግን ከፕሮቲን ይልቅ የሚወረሰው ማብሪያና ማጥፊያው ነው። ትራንስፖዞኖች ለመቀዳት የህዋሱን ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች የሚጠራ ማስነሻ ይዘው ይዞራሉ፤ ከጂን አጠገብ ሲወድቁ አንዳንድ ጊዜ ያ ጂን በአዲስ ቦታ ወይም በአዲስ ጊዜ ይነሳል። መር-20 የተባለው ቤተሰብ ቅጂዎች በማህፀን ግድግዳ ህዋሳት ውስጥ ለእርግዝና በሚነሱ ጂኖች አጠገብ በብዛት መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ተመራማሪዎች መር-41 ከተባለው ቅሪተ ቫይረስ ኤይም-2 ከተባለው የመከላከያ ጂን አጠገብ ያለውን ቅጂ በክሪስፐር የጂን መቁረጫ ዘዴ ቆርጠው አወጡ፤ ጂኑም ለኢንተርፌሮን (ህዋሳት በቫይረስ ሲጠቁ ለሚያወጡት የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን) የሚሰጠው ምላሽ ተዳከመ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ጉርብትናን ያሳያል፤ ሁለተኛው ሥራን ያሳያል።

ብዙዎች የሚወዱት የጅራታችን መጥፋት ታሪክ በእነዚህ ሁለት ዓይነት ማስረጃዎች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እንደታተመው፣ ቲ-ቢ-ኤክስ-ቲ በተባለ ጂን ውስጥ የተሰካ አንድ አሉ በሰውና ጅራት በሌላቸው ዝንጀሮ መሳይ ዘመዶቻችን ላይ አለ፣ ጅራት ባላቸው ጦጣዎች ላይ የለም። ይህ ቅጂ አጠገቡ በተቃራኒ አቅጣጫ ከተቀመጠ የቆየ አሉ ጋር ተጣምሮ አርኤንኤውን ያጥፈዋል፤ በመካከል ያለውም የጂኑ ክፍል ይዘለላል። ይህን አጭር ቅጂ እንዲሠሩ የተደረጉ አይጦች ጅራታቸው አጠረ ወይም ጠፋ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን የህብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት ታየ። ጅራታችንን ያጣንበት ብቸኛ ምክንያት ይህ ነው ማለት አይቻልም፤ ጠንካራ እጩ ነው።

ወደ ሁለተኛው ተማሪ ልምጣ። «ሁሉም ሥራ አለው» የሚለው ወሬ የተስፋፋው የሰው ጂኖም ክፍሎችን ተግባር የሚያጠናው የኢንኮድ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2012 ለ80 በመቶው ጂኖም «ባዮኬሚካላዊ ተግባር» አግኝቻለሁ ካለ በኋላ ነው። ተግባር የተባለው ግን ወደ አርኤንኤ መቀዳትን ወይም የአንድ ፕሮቲን መለጠፍን ጭምር ነው፤ ከላይ እንዳየነው ትራንስፖዞን ለራሱ ሲል ሊቀዳና ፕሮቲን ሊያስለጥፍ ይችላል። የተፈጥሮ ምርጫ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው የጂኖም ክፍል ስንት ነው ብለን ብንጠይቅ ግምቶቹ ከ5 እስከ 15 በመቶ ባለው ውስጥ ናቸው። የሽንኩርት ጂኖም የእኛን አምስት እጥፍ ያህላል፤ የአውስትራሊያው ሳንባ ያለው ዓሣ 43 ቢሊዮን ጥንድ ቤዞች አሉት። ሁሉም ፊደል ሥራ አለው የሚል ሰው ለሽንኩርት ይህን ሁሉ ሥራ ሊያገኝለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ በከፊል የአማርኛ ትርጉማችን ነው። የጄኔቲክስ ተመራማሪው ሱሱሙ ኦኖ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስፋፋው «ጀንክ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ «ቆሻሻ» ሳይሆን «ግሳንግስ» ነው መባል ያለበት። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሲድኒ ብሬነር ይህን ልዩነት አጥብቆ ያነሳ ነበር፤ ቆሻሻ ይጣላል፣ ግሳንግስ ጓዳ ውስጥ ይከማቻል። በየቤታችን ጓዳ ያለውን የተሰበረ ወንበር፣ የቆርቆሮ ቁራጭና ባዶ ጀሪካን ማንም አሁን አይጠቀምበትም፣ ማንም ግን አልጣለውም፤ ከዕለታት አንድ ቀን ከመካከሉ አንዱ ለበር ማስደገፊያ ይውላል። ያ ቀን መጣ ማለት ግን ጓዳው በሙሉ መሣሪያ ነበር ማለት አይደለም፤ ወንበሩም የተሰበረው በር ሊደግፍ ብሎ አይደለም።

ተማሪዎችዎ ከሰው ይልቅ የሚያውቁትን እንስሳ ከፈለጉ የላምን ጂኖም ይጥቀሱላቸው። ከእርሱ ሩብ ያህሉ ቦቭ-ቢ የሚባል ሬትሮትራንስፖዞንና ከእርሱ የተወለዱ አጫጭር ክፍሎች ናቸው። የላሟ ቦቭ-ቢ የቅርብ ዘመድ የሚገኘው በሌሎች አጥቢዎች ዘንድ ሳይሆን በእባብና በእንሽላሊት ወገን ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይሆን ከአንድ ዝርያ ወደ ሌላ ዝርያ ተሻግሮ መጣ ማለት ነው። መዥገሮች ላይም መገኘቱ አሻጋሪዎቹ እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ጥርጣሬ አሳድሯል፤ ጥርጣሬ መሆኑን ግን ይንገሯቸው።

የዕውቀታችን ወሰን የት እንደሆነም መናገር ይገባል። ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ጽሑፍ ተቆራርጦ ሲነበብ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ቅጂ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል፤ ለዓመታት የተሠራባቸው አጭር ንባቦች ብዙ ስኪቶችን የሳቱት በዚህ ነው። የሰው ጂኖም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሟልቶ የታተመው ረጅም ንባቦች ከመጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ሌላም ወሰን አለ። አንድ የትራንስፖዞን ቤተሰብ በብዛት የተባዛበት ዘመንና አዳዲስ ዝርያዎች የበዙበት ዘመን ሲገጣጠሙ «ትራንስፖዞኖቹ ዝርያዎቹን ፈጠሯቸው» ተብሎ ይጻፋል። ሕዝቡ ሲያንስ ሁለቱም አብረው ሊመጡ ይችላሉ፤ መገጣጠሙ ብቻውን መንስኤ አያሳይም።

ስለዚህ ለክፍሉ እንዲህ ብለው ይመልሱ፦ እነዚህ ክፍሎች የበዙት ራሳቸውን ስለሚቀዱ ነው፤ አብዛኞቹ ዛሬ የማይጠቅሙም የማይጎዱም ሙት ቅጂዎች ናቸው፤ ጥቂቶች ይጎዳሉ፣ ጥቂቶች ደግሞ ከገቡ በኋላ ሥራ ተገኝቶላቸዋል። «እንዲህ ለማድረግ ገቡ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳው ላይ ይጥፋ። አንድ ቅጂ ሥራ አለው የሚል ተማሪ ሲመጣ የትኛው ቅጂ፣ በየትኛው ህዋስ፣ ሲወጣስ ምን ይሆናል ብለው ይጠይቁት፤ ሦስቱን እስኪመልስ ድረስ መነሻችን «ሥራ የለውም» መሆን አለበት። በዚህ ነጥብ ላይ አልደራደርም፤ የማስረዳት ሸክሙ ሥራ አለው በሚለው ላይ ነው።

ለክፍል ልምምድ ደግሞ ቫይረሱንና እንግዴ ልጁን ትተው በጃፓን የኦካዳ ቡድን በ1990ዎቹ በሠራው ላይ ይመሥርቱ። አንድ ስኪት በአንድ አያት ላይ አንድ ጊዜ ከገባ ልጆቹ ሁሉ በዚያው ቦታ ይወርሱታል፤ ሁለት እንስሳት ለየብቻ በትክክል በአንድ ፊደል ላይ ያንኑ ክፍል የማግኘት ዕድላቸው እጅግ አነስተኛ ነው። ሰሌዳው ላይ ግመል፣ አሳማ፣ ላም፣ ጉማሬና ዓሣ ነባሪ ብለው ይጻፉ። አንዳንድ ስኪቶች በላም፣ በጉማሬና በዓሣ ነባሪ ላይ አሉ፣ በግመልና በአሳማ ላይ የሉም። ሌሎች በጉማሬና በዓሣ ነባሪ ላይ ብቻ አሉ። የዘር ሐረጉን ራሳቸው ይሳሉት፤ ጉማሬ ከአሳማ ይልቅ ለዓሣ ነባሪ እንደሚቀርብ ሲያዩ ክርክር ይነሳል፣ ይነሳ። ከዚያ በዓሣ ነባሪና በግመል ላይ ኖሮ በጉማሬ ላይ የሌለ አንድ ስኪት ቢገኝ ምን ይላሉ ብለው ይጠይቋቸው፤ ሐረጉ ተሳስቷል የሚለው አንዱ መልስ ብቻ መሆኑን፣ በአያቶቹ ሕዝብ ውስጥ ከፊሉ ይዞት ከፊሉ ሳይዘው ኖሮ በዕጣ ተከፋፍሎም ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ተማሪ ካገኙ፣ የቀረውን ትምህርት እርሱ ይጀምርልዎታል።